ውሻው ሲቆም ይቁሙ

ራስ ደጀንን ሊወጣ የመጣ ሰው የአምቢኮን መንደር የሚያየው በእንቅልፍ ልቡ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ መሪው ድንኳኑ ደጅ ቆሞ ይቀሰቅሰዋል። እሱም ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ ሻዩን ፉት ብሎ፣ ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ እያየ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ይያያዘዋል። መንደሩ ያለው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ 4,550 ሜትር ይደርሳል። ያን ሁሉ ወጥቶ በአንድ ቀን መመለስ ያለበት ሰው ቢቸኩል አይፈረድበትም። ነገር ግን የማለዳው ታላቅ ትዕይንት የሚካሄደው ከጀርባው ነው። ፀሐይ ከራስ ደጀን በስተኋላ ስለምትወጣ፣ መንደሩ ገና በጥላ ውስጥ ሳለ የመጀመሪያው ብርሃን የሚያርፈው ከመሸሃ ወንዝ ማዶ በስተምዕራብ በቆመው በቧሂት አናት ላይ ነው። ገደሉ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ወርቅማ ይሆናል፣ ከዚያ ብርሃኑ እየሰፋ ቁልቁል ይወርዳል። ተራራ ወጪው ይህን ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያልፈዋል።

ቧሂትን ፊት ለፊት የሚያየው ታዲያ ማነው? ከቤቱ ወጥቶ ደጁ ላይ የቆመ ሰው ነው። በተለይም ከውሻው ጋር ቀደም ብሎ የወጣ ሰው።

ስለዚህ ዛሬ የማወራዎ ስለ ተራራ አወጣጥ አይደለም። ጫፍ ላይ ስለ መድረስ፣ ግብ ስለ መምታት፣ ስለ ማሸነፍ የሚጻፈው በቂ ነው፤ እኔም የድርሻዬን ጽፌያለሁ። ዛሬ የምጋብዝዎ ወደ አንድ አጭር የማለዳ የእግር ጉዞ ነው። መድረሻ የለውም፣ ሰዓት አይያዝለትም፣ መሪውም ውሻ ነው።

አምቢኮ ውስጥ «ውሻዬን ላንሸራሽር ነው» ቢሉ ሰው ይስቅብዎታል። ይሳቅ። በሰሜን ተራሮች ውሻ የሳሎን ጌጥ አይደለም፤ ሠራተኛ ነው። ሌሊቱን በረት ሲጠብቅና ጅብ ሲያባርር ያድራል፣ ቀኑን ከእረኛው ጋር ይውላል። ገመድ አያውቅም፣ ምንጣፍ አያውቅም፣ ስሙ የሚጠራውም አብዛኛውን ጊዜ ሲቆጡት ነው። ነገር ግን ህዳር ተሟጦ ታህሳስ ሲገባ በሁለቱ ሥራዎቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ይፈጠርለታል። የሌሊቱ ጥበቃ አብቅቷል፤ በጎቹ ደግሞ ውርጩ ከሣሩ ላይ እስኪለቅ ከበረት አይቸኩሉም። ገብሱም ታጭዶ ወደ አውድማ ገብቷል። በዚያች ክፍተት ውሻው ከጭድ ክምሩ ሥር ይነሳል፣ ይንጠራራል፣ ሰውነቱን አራግፎ መንገዱን ይጀምራል። እርስዎም ጋቢዎን ደርበው ይከተሉት።

የፈረንጆቹ ዊንተር በሚጀምርበት ወር የእኛ በጋ ይገባል። በጋ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታየው የደጋን ማለዳ ያልቀመሰ ነው። በክረምት ደመናው ለምድር እንደ ጋቢ ይሆንላታል፤ ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታጣ ይሸፍናታል። በታህሳስ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከዋክብቱ በእጅ የሚለቀሙ ይመስላሉ፣ መሬትም ያጠራቀመችውን ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ሊነጋጋ ሲል የሣሩ ቅጠል ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበትም ውሃ ለመሆን እንኳ ፋታ ሳያገኝ ቅጠሉ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ውርጭ ከሰማይ የሚዘንብ የሚመስላቸው አሉ፤ እዚያው ቅጠሉ ላይ የሚበቅል ነው።

ጎንበስ ብለው ይመልከቱት። በታጨደው የገብስ አገዳ ጫፍ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ የበረዶ መርፌዎች ተሰክተዋል፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ይበዛሉ፣ በሌላው በኩል ይሳሳሉ። ጦስኙን በጣትዎ ቢያሹት በረዶው ይቀልጥና ሽታው ይወጣል፤ ደርቆ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ጦስኝ ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአገራችን ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል የሚያውቀው አንድ ትርጉም ብቻ ነው፤ ድንጋይ ሊያነሳ ነው። እኔ ጦስኝ ላሸት ጎንበስ ስል አብሮኝ የነበረው ውሻ ጅራቱን ቆልፎ ሸሸና ከሩቅ ቆሞ ታዘበኝ። ባዶ እጄን ቀና ስል እያመነታ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ እኔ ሳጎነብስ እሱም መጥቶ እኔ የማሸተውን ያሸት ጀመር። ስለ ሰው ልጅ አዲስ ነገር የተማረ መሰለኝ።

ከመንደሩ ወደ መሸሃ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ቁልቁል ይውረዱ። ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ይለዝባል ብለው ይጠብቁ ይሆናል፤ ጆሮዎ የሚነግርዎ ግን ሌላ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ቁልቁል እየወረደ በጎድጓዳው ይጠራቀማል። ተረተሩ ላይ ያለው ማሳ ጥቁር አፈሩ እየታየ፣ ጎድጓዳው ማሳ ነጭ ለብሶ ያድራል። የትኛውን ማሳ ውርጭ እንደሚመታ ገበሬው ከአባቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እርስዎ ደግሞ በእግርዎ ያውቁታል።

አሁን ፀሐይን ሄደው ይቀበሏት። ቧሂትን የነካው ብርሃን ከገደሉ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወደ መንደሩ ሽቅብ ይመጣል። ጠርዙ በጣም ግልጽ ነው፤ በጥላና በብርሃን መካከል ያለችው መስመር ስትራመድ በዓይን ትታያለች። መስመሯ ላይ ሲቆሙ በአንድ በኩል ያለው ሣር ነጭ ነው፣ በሌላው በኩል ያለው እየጨሰ ነው። ውሻው ይህን ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃል፤ መጀመሪያ ፀሐይ የነካትን ድንጋይ መርጦ ይተኛባታል። ጭላዳዎችም እንዲሁ ናቸው። በሰሜን ተራሮች ባሉት በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ሌሊቱን በገደል እርከን ላይ ያድሩና ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከዝንጀሮ ወገን በዋነኛነት ሣር በልቶ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነቅል ይውላል፤ ረጅም ሥራ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሆኖም ገና ከገደል እንደወጣ ሣር ላይ አይረባረብም። መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ፀጉሩን ይፈታተሻል። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይናችንን ሳንገልጥ ስልክ የምንጎረጉር እኛ ከእሱ የምንማረው ያለ ይመስለኛል።

ከውሻ ጋር የሄደ ሰው ሁሉ የሚያማርርበት አንድ ነገር አለ፤ ውሻ ይቆማል። ድንጋይ ሥር ይቆማል፣ አጥር ጥግ ይቆማል፣ ምንም በሌለበት ባዶ መንገድ ላይ ተገትሮ አፍንጫውን መሬት ላይ ይተክላል። «ና!» እንለዋለን። ገመድ ካለው እንጎትተዋለን። ለእኛ ባዶ የሆነው ቦታ ለእሱ ግን የሌሊቱ ወሬ በሙሉ የሰፈረበት ነው። ሽታ የሚለዩ ሕዋሳት በሰው አፍንጫ ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ በውሻ አፍንጫ ውስጥ እንደ ዝርያው እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ጅቡ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የጎረቤት ውሻ መጥቶ እንደሆነ፣ ማን ፈርቶ ማን ተዝናንቶ እንደሄደ ያነብባል። ትናንት ያሸተታትን ድንጋይ ዛሬም እንደ አዲስ ያሸታታል፤ ለእሱ በእርግጥም አዲስ ናት።

ምክሬ አጭር ነው። ውሻው ሲቆም ይቁሙ። አይጥሩት፣ አይጎትቱት፣ ጨርሶ ቀና እስኪል ይጠብቁት። ያ ጊዜ የእርስዎ ነው፤ መጀመሪያ እጅግ ሩቅ ያለውን፣ ቀጥሎ እግርዎ ሥር ያለውን ይመልከቱ። መካከል ያለውን ይተዉት፤ መካከሉን ቀኑን ሙሉ ስናየው እንውላለን።

ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ሰው ሲራመድ ዓይኑ የእግሩ ዘበኛ ነው። በአምቢኮ ኮረኮንች እየተራመደ ተራራ የሚያይ ሰው ጥርሱን ያጣል። ስለዚህ ማየት የሚፈልግ ሰው መቆም አለበት፤ እኛ ደግሞ መቆም ያሳፍረናል። በመንገድ መካከል ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፣ የጠፋበት ይመስላል፣ ጎረቤት «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይለዋል። ከውሻ ጋር የቆመን ሰው ግን ማንም ምንም አይለውም። ውሻው የሰጠን ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል፤ ያለ ሰበብ ለመቆም ሰበብ ሰጠን። «ውሾቹም ይጮኻሉ፣ ግመሉም ይሄዳል» የሚለው አባባል ለሥራ ቀን ይሁን። ለዚህች ሰዓት ግን ግመል አይሁኑ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ደግሞ ከዝርዝሩ ወጣ። ከዓለም ዙሪያ ሰው ቪዛ አውጥቶ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ በበቅሎ ጓዝ አስጭኖ ይመጣል። ደባርቅ ተወልዶ አድጎ ግን ሳንቃበርን ያላየ ሰው፣ ዳባት ተቀምጦ የሰሜንን ተራሮች በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቅ ሰው ብርቅ አይደለም። ከዚህ ተነስተው «ባላገር ውበት አያይም» የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። እረኛው አስታውን ከአምጃው፣ ጓሳውን ከሌላው ሣር በሩቁ ይለያል፤ የትኛው ደመና የጨዋታ፣ የትኛው የቁም ነገር እንደሆነ ያውቃል። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ኖሮ አንድ ጊዜ አብቦ እንደሚሞት ሳይንቲስቶቹ ከመጻፋቸው በፊት የእሱ አያት ያውቁ ነበር። ውበትን ከጥቅም ጋር አጣምሮ ማየት ከማየት አይጎድልም። እንዲያውም ፎቶ አንስቶ ከሚሮጠው ጎብኚ ይልቅ በጥልቀት ያየ እሱ ነው። ማየት የተሳነው ሁለቱም ያልሆነው ነው፤ እረኝነቱን የተወ፣ ጎብኚም ያልሆነ፣ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት አንገቱን ደፍቶ የሚመላለሰው የከተማ ሰው። እኔንና እርስዎን ማለቴ ነው።

ዓይን እንደገና እንዲያይ ማሠልጠን ይቻላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ቨርጂንያ ስተርም የተባለች የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። 52 ጤናማ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለ15 ደቂቃ በእግራቸው እንዲሄዱ ተደረገ። ለአንደኛው ቡድን «ሂዱ» ከማለት በቀር የተነገረው ነገር አልነበረም። ለሁለተኛው ቡድን ግን «ስትሄዱ የሚያስደንቃችሁን ነገር ፈልጉ፤ እንደ ሕፃን አዲስ አድርጋችሁ ተመልከቱ» ተባለ። ሁሉም በየጉዞው የራሳቸውን ፎቶ እንዲያነሱ ታዘዙ። ውጤቱ ደስ ይላል። የሚደነቁበትን ሲፈልጉ የነበሩት ሰዎች ሳምንታቱ በገፉ ቁጥር በፎቶው ውስጥ የያዙት ቦታ እያነሰ፣ ከጀርባቸው ያለው ዓለም እየሰፋ ሄደ። ፈገግታቸው ግን ጨመረ። በዕለት ተዕለት ኑሯቸውም ከሌሎቹ የበለጠ ደስታ፣ አመስጋኝነትና ርኅራኄ እንደተሰማቸው ተናገሩ። ልብ ይበሉ፣ የተጠየቁት 15 ደቂቃ ነው። ራስ ደጀንን ውጡ አልተባሉም።

ማለዳ መሆኑም ጥቅም አለው። በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራውን ሰዓት ምስጢር የፈቱት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ይህን ሰዓት በየቀኑ የሚያስተካክለው ዋነኛ ነገር በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው። የደጅ ብርሃን፣ ደመና ቢኖር እንኳ፣ ከክፍል አምፖል ብርሃን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጠዋት ደጅ የወጣ ሰው ማታ እንቅልፉ በጊዜ ይመጣለታል። እንቅልፍ እምቢ ብሏችሁ የምታማርሩ፣ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ውሻውን ጠይቁት።

ስለ ሰሜን ጎንደር ማለዳ ሲጻፍ ያለፉትን ዓመታት ዘሎ መሄድ አይቻልም። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነት። የደባርቅና የዳባት አካባቢ ሰው ምን እንዳሳለፈ እሱ ራሱ ያውቀዋል፤ የእኔ ብዕር አይመጥነውም። ድንኳን ተካዩም፣ አስጎብኚውም፣ በቅሎ አከራዩም ያለ ሥራ ከረመ። ተራራ አየሁ ብሎ ሐዘን ይለቃል አልልም፤ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ሳነብ እበሳጫለሁ። የምለው ሌላ ነው። አንድም ጎብኚ ባልነበረበት ጠዋት ቧሂት እንደ ወትሮው ሲበራ ነበር። ትዕይንቱ ለትኬት ቆራጭ የተዘጋጀ አይደለም፤ ለቅዝቃዛው ደጃፍ፣ ለበረቱ፣ ለእርስዎ የተዘጋጀ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጠዋት ሁሉ ድርሻዎን ይውሰዱ።

አሁን ደግሞ ስለ ውሻው አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ይህች የማለዳ ጉዞ ድንበር አላት። ከአምቢኮ በላይ፣ አስታው አልቆ ጓሳና ጅብራ ብቻ በሚታይበት ደጋ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንጂ በሌላ የትም አይገኝም፤ በሕይወት ያለው ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ሰሜን ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው። የዚህ አውሬ ቀንደኛ ጠላት ጠመንጃ አይደለም፤ የእኛ ውሻ የሚያስተላልፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ዌብ ሸለቆ በሽታው ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ የሚኖር፣ እየተላላሰ ሰላምታ የሚሰጣጥ እንስሳ ስለሆነ፣ አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ ይሄዳል።

ስለዚህ ውሻዎን ወደ ላይኛው ደጋም ሆነ ወደ ፓርኩ ክልል ይዘው አይውጡ። የመንደር መንገድ፣ የታጨደ ማሳ፣ የወንዝ ዳር ይበቃል። ጭላዳም ቢሆን ውሻ ሲያይ ያን የሚወደውን የፀሐይ ሰዓት ጥሎ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣል። ውሻዎንም ያስከትቡ። በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የገጠር ውሾችን በብዛት ሲከትብ ኖሯል፤ ቀበሮን ለማዳን መነሻው ውሻን ማዳን እንደሆነ ስለገባው ነው። ክትባቱ ለእርስዎም ነው። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን የመተላለፊያው ሰንሰለት ይበጠሳል። ያልታወቀ ውሻ ከነከስዎ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በአነቃቂ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ንክሻ ማውራት አይለመድም፤ ግን ሰውን ወደ ደጅ የሚጠራ ሰው ደጅ ምን እንዳለ መናገር አለበት።

ይህን የሚያነቡት አምቢኮ ሆነው ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከሆኑ እንጦጦ አለ፤ ሯጮቹ ባሕር ዛፉ መካከል ውልብ ሲሉ እርስዎ ውሻዎ ባሸተተው ግንድ አጠገብ ይቁሙ። በዚያ ግን ገመዱን አይርሱ፤ ሯጭ ማባረር ለውሻ ጨዋታ ነው፣ ለሯጩ አይደለም። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ከሆኑ ደግሞ ታህሳስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እርስዎ ሥራ ከገቡ በኋላ ይሆናል። እዚያ ያሉ ወዳጆቼ ውሻ ከያዙ በኋላ ሰፈራቸውን አወቁ፤ ለዓመታት በአሳንሰር ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ያለፋቸው ጎረቤት አሁን ቆሞ ያዋራቸዋል። የሰውየውን ስም ሳያውቁ የውሻውን ስም ያውቃሉ። ይህም መጀመሪያ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ውሻ ያላቸው ሰዎች በቂ የአካል እንቅስቃሴ የማድረግ ዕድላቸው ውሻ ከሌላቸው በአራት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ዝናብና ብርድ ለውሻ ሰበብ አይሆንም፤ በሩ ላይ ቆሞ ያይዎታል፣ ያ አስተያየት ከማንኛውም አሠልጣኝ ይበልጣል።

ውሻ ከሌለዎ የጎረቤትን ይዋሱ። ካልሆነም ሕፃን ልጅ ይዘው ይውጡ፤ ሕፃንም እንደ ውሻ ይቆማል፣ ጉንዳን አይቶ ይቀመጣል፣ ቸኩሎ አያውቅም።

ነገ ጠዋት ለሚወጣ ሰው የቀረኝ ትንሽ ነው። ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ውርጩ ሲቀልጥ ጫማ ያረጥባል። ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ የመጡ ከሆነ በዝግታ ይራመዱ፤ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያለከልከው ውሻው ብቻ አይሆንም። ቀና ሲሉ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ ቁራ ዘፍ ብሎ ሲያይዎ ቢያገኙት አይገረሙ፤ እሱም የዚህ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ልጅ ነው፣ የሚጠብቀውም ኪስዎን ነው። ኪስዎ ውስጥ ለውሻው ቁራሽ ቂጣ ይኑር። ግን ተመልሰው ደጅዎ እስኪደርሱ አይስጡት። መንገድ ላይ ከሰጡት የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይሰማል፣ በማግሥቱም እርስዎን ሊያንሸራሽር ደጅዎ ላይ ተሰልፎ ይጠብቅዎታል።